ጠማቂው ድስቱን እንዴት እንዳበረደ

«አንድ ጠማቂ ነበረ» አሉ መሪጌታ ኅሩይ። «አርፎ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነበረ።»

ይህን ያሉት ለአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ሴትየዋ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ አጠገብ አግኝታቸው፣ «ከእህቴ ጋር ከተቃቃርን ሁለት ዓመት ሆነን። ሰው ሁሉ ‹ጠብቂ፣ ጊዜ ያበርደዋል› ይለኛል። እኔ ግን በጠበቅኩ ቁጥር ባሰብኝ። እስከ መቼ ልጠብቅ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መሪጌታ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቁላትና የጠማቂውን ነገር ይነግሯት ጀመር።

ጠማቂው ሃያ ሁለት ዓመት በቢራ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው። ሥራው ከትልቁ ማፍያ አጠገብ ነበር። የብቅሉ ጭማቂ ፈልቶ ሲያበቃ አንዲት መዘውር ያዞራል። ጭማቂው በቱቦ ወደ ማቀዝቀዣው ይገባና በሌላው በኩል እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዞ ይወጣል። በመካከሉ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን አስቦ አያውቅም። የፈላ ነገር ለሱ መዘውር እስኪዞር ብቻ ነበር ትኩስ የሚሆነው።

ጡረታ ሲወጣ ወደ ተወለደባት ትንሽ ከተማ ተመለሰ። ሚስቱ ደብሪቱ ያን ሁሉ ዓመት ቤቱን ይዛ የኖረችው እዚያው ነበር፤ እሱ በበዓልና በእረፍት ብቻ ይመጣ ነበር። ደብሪቱ በጠላዋ የታወቀች ሴት ናት። የሚካኤል ማኅበር ተራ እነሱ ቤት የሚደርሰው በኅዳር ነበርና፣ ማኅበርተኞቹ ኅዳር አሥራ ሁለትን የሚናፍቁት ለሷ ጠላ ሲሉ ነው ይባል ነበር።

ሰውየው ከመጣ ጀምሮ ቤቱ ዕረፍት አጣ። ቁርሱን ቆሞ ይበላል። አጥር ያጥራል፤ በማግስቱ አልወደድኩትም ብሎ ይነቅለዋል። ሬዲዮ ይከፍትና ዜናው ሳያልቅ ጣቢያ ይቀይራል። ገበያ ሄዶ የሄደበትን ሳይገዛ ይመለሳል። እጁ የለመደውን ሥራ ስላጣ ውስጡ ዝም ብሎ ይሮጥ ነበር፤ ወዴት እንደሚሮጥ ግን ራሱም አያውቀውም።

በመስከረም አጋማሽ አንድ ቀን ደብሪቱ ለጠላው ጌሾ ስትለቅም ከፊቷ መጥቶ ቆመ።

«ዘንድሮ ለማኅበሩ የምጠምቀው እኔ ነኝ» አላት። «ቢራ።»

እጇ ቆም አለ። «በምን ዕቃ?»

«ዕቃማ ሞልቷል። የሠርጉ ድስት አለ፣ እንጨት አለ፣ በርሜል አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ዕቃ ይከለክለኛል?»

«ጠላውስ?»

«አንድ ዓመት ቢቀር ምን ይሆናል? ጠላ እንደሆነ የትም ቤት አለ።»

ደብሪቱ ጌሾዋን በጨርቅ ቋጥራ ጓዳ አስቀመጠችው። እሱም ዝም ማለቷን እንደ እሺታ ቆጥሮ ወጣ።

ለሦስት ጊዜ የሚበቃ የገብስ ብቅል አዘጋጀ። የድሮ ባልደረቦቹ እርሾ በጠርሙስ ላኩለት። በመስከረም መጨረሻ የመጀመሪያውን ጠመቀ። ብቅሉን አስከክቶ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈው፣ በንጹሕ ጨርቅ አጠለለው፣ ጭማቂውን ከጌሾ ጋር በትልቁ ድስት አፈላው። እስከዚህ ድረስ እጁ የሚያውቀው ሥራ ነው። እሳቱን ካጠፋ በኋላ ግን የሚዞር መዘውር የለም። አርባ ሊትር የፈላ ጭማቂ ጉልቻ ላይ ተጎልቶ ይጨሳል። እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነውና ትኩስ ነገር ላይ እንደማይጨመር ያውቃል። ስለዚህ መጠበቅ ነበረበት።

መጠበቁ ግን አልሆነለትም። ክዳኑን ከፍቶ ያያል፤ ይከድናል። ጓሮ ደርሶ ይመለስና ደግሞ ይከፍታል። ጎረቤት ሰላም ሊለው ሲመጣ «ና እስቲ እየው» ብሎ ይከፍትለታል። ጣቱን ይነክራል፣ ይልሳል፣ «ገና ነው» ይላል። በተከፈተ ቁጥር አቧራው ይገባል፣ ዝንቡ ያንዣብባል። መሸ፤ የድስቱ መሐል ገና ትኩስ ነበር። ነጋ፤ ገና ለብ ያለ ነበር። እርሾውን የጨመረው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው።

በሳምንቱ የበርሜሉን ክዳን ሲያነሳ የሆምጣጤ ሽታ ፊቱን መታው። ጣፋጭ ነገር ለብ ብሎና አፉን ከፍቶ ካደረ እንግዳ አያጣም። እርሾው ከመድረሱ በፊት ሌላ ቀድሞት ገብቶበታል። አርባውንም ሊትር ጓሮ ደፋው።

«ያበላሸኝ መጠበቁ ነው» ብሎ ደመደመ። «ሁለተኛ አልጠብቅም።»

በጥቅምት መጀመሪያ ሁለተኛውን ጠመቀ። ይህኛው ከእሳት በወረደ ትንሽ ጊዜ ውስጥ፣ እንፋሎቱ ሳይቆም፣ በርሜል ውስጥ ተገለበጠ። ደብሪቱ እጇን አስጠጋችና መለሰችው።

«እጄን የሚፈጅ ነገር ለእርሾው እንዴት ይሆናል?»

«እርሾ ሙቀት ይወዳል።»

«ሙቀትና እሳት አንድ ነው?» አለችው።

አልሰማትም። ጠርሙሱን ገለበጠው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮውን በርሜሉ ላይ እየለጠፈ ቢያዳምጥ ትንፍሽ የሚል ነገር ጠፋ። አረፋ የለም፤ የሚፍለቀለቅ የለም። እንደገባ ጣፋጭ ሆኖ ቆይቶ በአምስተኛው ቀን ሸተተ። የጨመረው እርሾ ገና ከመግባቱ ተቀቅሎ ሞቷል።

አሁን ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቅል ብቻ ቀርቶታል። እርሾም ከጠርሙሱ ግርጌ ጥቂት ነው። ማኅበሩ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቢራው ለመድረስ የሚፈልገውም ያንኑ ያህል ነው። ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ቀን ደብሪቱ በለዘበ ድምፅ፣ «ጌሾው እንዳለ ነው። ጠላ ልጥመቅ እንዴ? ጊዜ አለን» አለችው።

«አንቺም አላመንሽኝም ማለት ነው።»

«የማመን ነገር አይደለም። ሰው ቤቴ መጥቶ ጉሮሮው ደርቆ እንዳይሄድ ነው።»

«አይሄድም» ብሏት ወጣ። በሩን ሲዘጋው ግድግዳው ተሰማው።

በማግስቱ ሦስተኛውን አፈላ። ዘዴ አስቦ ነበር። ከቤታቸው ጀርባ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቁልቁል ወርዶ፣ ከተራራው የሚመጣ የመስኖ ቦይ ያልፋል። ውሃው ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ ነው። ድስቱን እዚያ ቢያስቀምጠው ቶሎ ይበርዳል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ጎረቤታቸውን አናጢውን ጠርቶ አብረን እናንሣው አለው።

አናጢው እንፋሎቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ እየተንተከተከ ማን ያነሣዋል? ወፍጮ ቤት ደርሼ ልምጣ። እስከዚያ ትንሽ ሰከን ይበል፤ ከዚያ በጆሮዎቹ ብረት እናስገባበትና ቀስ ብለን እናወርደዋለን።»

አናጢው ሄደ። ጠማቂው ወደ ድስቱ አየ። ወደ መንገዱ አየ። የመጀመሪያው ድስት እንዴት እንደኮመጠጠ ትዝ አለው። አሁንም እያንዳንዷ ደቂቃ እየበላችበት መሰለው። ወደ መንገዱ ደግሞ አየ፤ አናጢው የለም። ጨርቅ በሁለት እጁ ጠቅልሎ አንዱን ጆሮ ያዘ።

ደብሪቱ ከጓዳ ወጥታ አየችው። «ተው እንጂ! ሰውየው ይምጣ።»

«አይመጣም። ወሬ ይዞት ይሆናል።»

ብቻውን ማንገዳገድ ጀመረ። እሷ ዝም ብላ ብታይ ራሱ ላይ ሊደፋው ሆነ። በነጠላዋ ጫፍ እጇን ጠቅልላ ሁለተኛውን ጆሮ ያዘች። ፈልጋ አልነበረም።

እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ቁልቁለቱን ያዙ። «ቀስ በል» ትለዋለች። አሥር እርምጃ ሄዱ። «ቀስ በል አልኩህ።» እሱ ዓይኑ ቦዩ ላይ ነው፤ በልቡ ደርሷል። ትናንት የዘነበበት ሣር ላይ እግሩ ሸርተት አለ። ድስቱ ወደ ኋላ አጋደለ። ግማሹ በደብሪቱ ግራ እግር ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጣቶቿ፣ ፈሰሰ።

የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል። የፈላ ነገር ግን አይለቀምም።

ጩኸቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጥርሷን ነክሳ መሬት ተቀመጠች። ድስቱ ከግማሽ ጭማቂው ጋር ሣሩ ላይ ተደላድሎ ቀረ። ጠማቂው እጁን አንዴ ወደ እግሯ፣ አንዴ ወደ ድስቱ ይዘረጋል፤ የሚይዘውን አያውቅም። ጎረቤቶች ደረሱ። አንዷ ዶሮና ሕፃናት እንዳይገቡበት ብላ ድስቱን ከደነችው። ሌላዋ ቅቤ ይዛ እየሮጠች መጣች። አንዷም «ሊጥ ይሻላል፣ ሊጥ አምጡ» ትላለች።

በዚህ መሐል የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አንዲት ወጣት ልጅ፣ ደረሰች። ቤቷ ከአጥሩ ማዶ ነበር። ቅቤውን የያዘውን እጅ መለሰችው።

«ምንም አትቀቧት። ጫማዋን ቀስ ብላችሁ አውልቁ። የቦኖ ውሃ በጀሪካን አምጡልኝ፤ የቦዩን አይደለም፣ ንጹሑን።» ወደ ጠማቂው ዞረች። «አንተ ጆግ ያዝ። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ጀምረህ አፍስስ። ሳታቋርጥ፣ ቀስ እያልክ።»

ማፍሰስ ጀመረ። ሁለት ደቂቃ ያህል እንደሄደ ደብሪቱ ትንፋሿ ረገብ አለ። እሱ ቀና አለ።

«በረደላት መሰለኝ። አሁን ባጃጅ ልጥራ?»

«ገና ነው። ሃያ ደቂቃ።»

«ሃያ?»

«ላዩ ነው የበረደው» አለችው ልጅቷ። «ሙቀቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። እሳቱ ከሄደ በኋላም ሥጋውን እያበሰለው ነው። ዝም ብለን ብንተወው ጠልቆ ይበላታል። ከውጭ የመጣ ውሃ እየወሰደ፣ እየወሰደ፣ መጨረስ አለበት።»

ጠማቂው ሃያ ደቂቃ አንድ ቦታ ቆይቶ አያውቅም። መጀመሪያ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ሲደክመው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ዘመም አለ። ኋላ ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። አንዱ ጀሪካን አለቀ፤ ሌላ ቀረበለት። ከእግሯ የሚወርደው ውሃ በግራ እጁ መዳፍ ላይ ያልፍ ነበር። ከጆጉ ሲወጣ ቀዝቃዛ የነበረው ውሃ መዳፉ ላይ ሲደርስ ለብ ብሏል። ይህን አስተዋለ። ሌላ ጆግ አፈሰሰ፤ ያም ለብ ብሎ ወረደ። ከእግሯ ሙቀት እየተሸከመ የሚሄድ ነገር በመዳፉ ላይ ሲያልፍ ይሰማው ነበር። ቀና ብሎ አያት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ ቀረ ብሎ አልጠየቀም። ልጅቷ «ይበቃል» ስትለው ከመዳፉ ላይ የሚወርደው ውሃ እንደ ጆጉ ውሃ ቀዝቅዞ ነበር።

እግሯን በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ሸፍነው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሱ አይቶ፣ ውሃ የቋጠረውን ሳያፈርጥ አሰረላት። «ውሃ ባታፈሱበት ኖሮ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ነበር የምልካት» አላቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው አልጋዋ ላይ አስተኟት።

ጠማቂው ወደ ጓሮ ወጣ። ድስቱ እንደተከደነ ሣሩ ላይ አለ። ጎኑን በእጁ ጀርባ ቢነካው ገና ይፋጅ ነበር። ሊደፋው ጫፉን በእግሩ ሲገፋ ደብሪቱ በመስኮቱ አየችው።

«አትድፋው» አለችው።

«ምን ያደርግልኛል ከእንግዲህ?»

«እግሬን የበላ ነገር ከንቱ አይቅር።»

ቆመ። ለጥቂት ጊዜ ድስቱን ተመለከተ። ከዚያ በየጎረቤቱ እየዞረ ትንንሽ ባለክዳን ድስቶች ተዋሰ፤ ስምንት አገኘ፤ አንዱ እንኳ ከሌላው አይመሳሰልም። በፈላ ውሃ አጠባቸው። ክፍት ጫማውን አውልቆ የፋብሪካውን ቦት አጠለቀ። ትልቁን ድስት ካለበት አላነቃነቀውም። አጠገቡ በርከክ ብሎ፣ በፈላ ውሃ ባለቀለቀው ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ እየቀዳ ትንንሾቹን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሞላ። ወዲያው ወዲያው ከደናቸው። ከዚያ አንዱን ብቻ በወፍራም ጨርቅ ይዞ፣ በእግሩ መርገጫ እየፈለገ፣ ቁልቁል ወረደ። ቦዩ ውስጥ ድንጋይ አደላድሎ፣ ውሃው ጎኑን እንጂ ክዳኑን እንዳይነካ አድርጎ አስቀመጠው። ተመልሶ ሁለተኛውን አመጣ። ከወፍጮ ቤት የተመለሰው አናጢ አጥሩ ላይ ደገፍ ብሎ ያየው ነበር፤ ላግዝህ ሊለው አስቦ ተወው።

ስምንቱም ተደረደሩ። ጠማቂው ከቦዩ ዳር ተቀመጠ። ክዳን አልከፈተም። አልፎ አልፎ የድስቶቹን ጎን በመዳፉ ይነካል፤ የሞቀ ካገኘ ውሃው በሚፈጥንበት በኩል ያዞረዋል። ቀዝቃዛው ይመጣል፤ ሙቀቱን ይዞ ይወርዳል፤ ሌላ ይመጣል። የቦዩ ውሃ ከጭማቂው ጋር አንዲት ጠብታ አልተቀላቀለም፤ ሥራውን ሠርቶ አለፈ። በመስከረም አንድ ቀን ሙሉ እንቢ ያለው ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዘቀዘ። በታጠበው በርሜል ውስጥ አንድ አንድ እያለ ገለበጠው፤ የቀረችውን እርሾም ጨመረበት።

በማግስቱ ጠዋት ደብሪቱ ከአልጋዋ ጠራችው። «ስማ፣ በርሜልህ እያወራ ነው» አለችው። እውነትም ይፍለቀለቅ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ሌላ ያልበረደ ነገር ነበረ። ጠማቂው ከሚስቱ ፊት ሲቆም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተናግሮ ሊገላገል ይፈልጋል፤ አፉን ሲከፍት ግን ወይ ለቅሶ ይቀድመዋል፣ ወይ «አንቺም እኮ ባትይዢው ኖሮ» የሚል ክፉ ቃል ሊያመልጠው ይደርሳል። ስለዚህ ይዘጋዋል። እሷም ትዘጋለች።

በሦስተኛው ቀን የእግሯ ፋሻ የሚቀየርበት ነበር። ነርሱ ያሳየውን እያስታወሰ ቀስ ብሎ ፈታው። ሲፈታ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረ። «አናጢውን መጠበቅ ነበረብኝ» አለ።

«ነበረብህ» አለች።  እሱ አዲሱን ፋሻ ማሰር ጀመረ።

በአምስተኛው ቀን ፋሻውን ሲቀይር፣ «እርሾው በትኩስ እንደማይሆን ነግረሽኝ ነበር» አላት። እሷም «ነግሬህ ነበር። አንተ የፋብሪካ ሰው፣ እኔ የጓዳ ሰው ስለሆንኩ ነው ያልሰማኸኝ» አለችው። ይህ ቃል ወጋው። ሊከራከር ፈልጎ ነበር፤ ውሃ እንደሚያፈስ ሰው ዝም ብሎ አሳለፈው። ትንሽ ቆይቶ እውነት መሆኑ ገባው።

በሰባተኛው ቀን እሷ ቀደመችው። «ጠላ የትም ቤት አለ ብለኸኝ ነበር» አለች። «እግሬ ይድናል። እሱ ነው ያልዳነው።»

ጠማቂው ፋሻውን እንደያዘ «የትም ቤት የለም» አላት። «አንቺ ቤት ብቻ ነው ያለው። ሃያ ሁለት ዓመት ለእረፍት ስመጣ ለምን እሮጥ እንደነበር ታውቂያለሽ?» ደብሪቱ እግሯን አልሰበሰበችም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ቢራው ግማሽ ነበርና ለእያንዳንዱ ማኅበርተኛ አንድ አንድ ብርጭቆ ብቻ ደረሰ። ጥሩ ነበር። አንድ ሽማግሌ ግን ብርጭቆውን ጨርሰው «መልካም ነው፤ የደብሪቱን ጠላ ግን አይተካም» አሉ። ጠማቂው «አይተካም አባባ» አለ። ደብሪቱ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። አንዱ በድስትና በእንጨት ይህን የመሰለ ቢራ እንዴት እንዳወጣ ሲጠይቀው፣ ጠማቂው ወደ ሚስቱ አየና «ቀስ ብዬ» አለ። ከሱ አፍ ይህን ቃል ሰምተው የማያውቁት ሁሉ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ዓይኗ ግን እሱ ላይ ነበር። የእግሯ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ ይላሉ።

መሪጌታ ይህን ተናግረው ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ።

«እስከ መቼ ልጠብቅ ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ልጄ። የስኒ ሻይ በመጠበቅ ይበርዳል። ትልቅ ድስት ግን በመጠበቅ ብቻ ይኮመጥጣል። ደግሞስ እንዴት ነው የጠበቅሽው? ሱቅሽ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ የእህትሽን ነገር ያውቃል። እኔ ቀሚስ ሳላሰፋ እንኳ ሰምቻለሁ። ለመጣው ሁሉ ክዳኑን ከፍተሽ አሳይተሻል፤ እያንዳንዱም ጣቱን ነክሮበት ሄዷል። እንዴት አይኮመጥጥ?»

ሴትየዋ መሬት መሬቱን አየች። «ታዲያ ሄጄ ያለኝን ሁሉ ልንገራት?»

«ያማ ድስቱን ይዞ ቁልቁል መሮጥ ነው። እሷን ይፈጃታል፤ ለአንቺም የሚተርፍሽ የለም። ክደኚው፣ ለማንም አትክፈቺው፤ ግን አታሳድሪው። በትንሽ ዕቃ ቅጂው። አንዱን ብቻ ይዘሽ ወደ እሷ ውረጂ። እሷም የምትለው አላት፤ የሷ ቃል እንደ ቦዩ ውሃ ነው፤ መጀመሪያ ይቀዘቅዝሻል፣ ነገር ግን ሙቀቱን ይዞልሽ የሚሄደው እሱ ነው። አታቋርጪው፤ ይፍሰስ። ሲበርድ ትመለሺና ሌላውን ትቀጃለሽ።» ጠጋ አሏት። «እስቲ ንገሪኝ፤ በውስጥሽ ካለው ሁሉ ትንሿ የትኛዋ ናት?»

ሴትየዋ አፏን ከፍታ ዘጋችው፤ ትልልቆቹ ቀድመው እየመጡባት ይመስል ነበር።

«እናታችን ታማ በተኛችበት ሰሞን» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ ቀን ደወልኩላት። ስልኩን አላነሣችም።»

«ለምን እንዳላነሣች ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

«አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲያው ይህችን ጥያቄ ብቻ ይዘሽ ሂጂ» አሉ መሪጌታ። «ሌላውን ለዛሬ ከድነሽ ተዪው።»